የትርፍ ጊዜ ወርቅ ፈላጊዎችና በሕዝብ ዘንድ ያላቸው ስም

ማንኛውም ንግድ በሁለት ነገር ይቆማል። አንደኛው ሸቀጡ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሸቀጡ በሕዝብ ዘንድ ያለው ስም ነው። የተበላሸ ሸቀጥ በሌላ ይተካል፤ የተበላሸ ስም ግን በገንዘብ ተገዝቶ አይመለስም። ይህ ነገር በሱቅና በመጋዘን ብቻ ሳይሆን፣ ከቶ ንግድ በማይመስል ሥራም ላይ እውነት መሆኑን ከሚያስረዱት ምሳሌዎች አንዱ፣ በአውስትራሊያ፣ በአሜሪካና በፊንላንድ ወርቅ መፈለግን መዝናኛቸው ያደረጉ ሰዎች ታሪክ ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚተዳደሩት በወርቅ አይደለም። መምህር፣ መካኒክ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም ጡረተኛ ሲሆኑ፣ በሰንበትና በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ወንዝና ወደ ዱር ይወርዳሉ። ከፊሎቹ አሸዋና ጠጠር በሳሕን ያጥባሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ በምድር ላይ እያንቀሳቀሱ ድምፁን ያዳምጣሉ። ብዙውን ቀን የሚያገኙት የዛገ ሚስማር፣ የጥይት ቀለህ፣ ሲበዛም የጤፍ ቅንጣት የምታህል የወርቅ ፍንጣሪ ነው። ለእነርሱ ግን ዋናው ነገር አየሩ፣ ጉዞውና ተስፋው ነው።

ይሁን እንጂ የሚፈልጉበት ምድር በአብዛኛው የራሳቸው አይደለም። ወይ የመንግሥት ደን ነው፤ ወይ የሌላ ሰው እርሻ ነው፤ ወይም ሁሉም የሚጠጣውና ዓሣ የሚያጠምድበት ወንዝ ነው። ስለዚህ መዝናኛቸው በሕዝብ ፈቃድ የሚኖር ነው። ሕዝብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእነርሱ ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኝ፣ በጋዜጣ ባነበበውና በቴሌቪዥን ባየው ነገር ይፈርድባቸዋል። እንዴት ሆነው እንደ ታዩ፣ ምን ብለው እንደ ተናገሩ፣ በመጨረሻ ወንዙ ይከፈትላቸው ወይም ይዘጋባቸው እንደ ሆነ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ነጋዴንም ይመለከታል። ሳሕኑን፣ ወንፊቱን፣ አካፋውን፣ ቦት ጫማውን፣ ድንኳኑን፣ ባትሪውንና ዋጋው ከብዙ መቶ እስከ ብዙ ሺህ ዶላር የሚደርሰውን መፈለጊያ መሣሪያ የሚሸጥላቸው ባለሱቅ ነውና፣ እነርሱ ሲከለከሉ የእርሱም መደርደሪያ አብሮ ይዘጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው አዋጅ ነጋሪ ባለሱቅ ነበር

ጥር 24 ቀን 1848 ዓ.ም. ጄምስ ማርሻል የተባለ አናጢ፣ በካሊፎርኒያ ኮሎማ በሚባለው ስፍራ፣ ለጆን ሳተር በሚሠራው የእንጨት መሰንጠቂያ የውሃ ቦይ ውስጥ ወርቅ አገኘ። ሁለቱ ሰዎች ነገሩን በምስጢር ሊይዙት አስበው ነበር። ነገር ግን ሳሙኤል ብራናን የሚባል ነጋዴ በሳተር ምሽግ ሱቅ ነበረው፤ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ደግሞ «ካሊፎርኒያ ስታር» የተባለው ጋዜጣ ባለቤት ነበር። ብራናን አስቀድሞ ለወርቅ ፈላጊ የሚያስፈልገውን ዕቃ በሱቁ አከማቸ፤ ከዚያም በግንቦት ወር የወርቅ አሸዋ የያዘ ጠርሙስ ወደ ላይ አንሥቶ፣ በአሜሪካን ወንዝ ወርቅ መገኘቱን በሳን ፍራንሲስኮ መንገዶች እየጮኸ አስታወቀ።

የዚህ አዋጅ ውጤት ፈጣን ነበር። ሕዝቡ ሥራውን እየጣለ ወደ ወንዙ ጎረፈ፤ የብራናን የራሱ ጋዜጣ እንኳ ሠራተኞቹ ወደ ወርቁ ስለ ሄዱበት በሰኔ ወር መታተሙን አቆመ። ብራናን ከካሊፎርኒያ የመጀመሪያዎቹ ባለሚሊዮኖች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ይሁንና በ1889 ዓ.ም. ሲሞት ሀብቱ ሁሉ አልቆ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቅ ፈላጊ በሕዝብ ዓይን ሁለት መልክ ይዞ ቀረ። አንዱ መልክ የዕድለኛ ሰው ነው፤ በአንድ ቀን የሚከብር። ሁለተኛው የአጥፊ ሰው ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። የካሊፎርኒያ ማዕድን አውጪዎች ኋላ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ተራራ እየናዱ፣ ጭቃውን በወንዞቹ ላይ ለቀቁት፤ በታች ያለው ገበሬ እርሻው በደለል ተሸፈነ፤ ጎርፍም በረታ። በ1884 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ፍርስራሹን ወደ ወንዝ መልቀቅ እንዲቆም ፈረደ። ወርቁን ከአሸዋ ለመለየት የተጠቀሙበት ባዜቃ (ሜርኩሪ) በብዙ ሺህ ቶን የሚቆጠር በወንዞቹ ወለል ላይ ቀረ። ይህን ዕዳ ከመቶ ዓመት በኋላ የከፈሉት የትርፍ ጊዜ ፈላጊዎች እንደ ሆኑ ከዚህ በታች ይታያል።

ስለ ሁሉ የሚናገረው ትልቅ የወርቅ ጓል

በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት በትልልቅ የወርቅ ጓል የታወቀች ናት። የካቲት 5 ቀን 1869 ዓ.ም. ሞሊያጉል በተባለው መንደር አጠገብ፣ ጆን ዲሰንና ሪቻርድ ኦትስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከ70 ኪሎ በላይ የሚመዝን የወርቅ ጓል አገኙ፤ ስሙም «ዌልካም ስትሬንጀር» ተባለ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ በየሰው እጅ በገባበት ዘመን፣ በ1980 ዓ.ም. ኬቪን ሂሊየር የተባለ ሰው በዚያው ግዛት ኪንጋወር በሚባል ስፍራ 27 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል የሚመዝን ጓል አገኘ። «ሃንድ ኦፍ ፌይዝ»፣ ማለት «የእምነት እጅ» የተባለው ይህ ወርቅ፣ በግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በዲክ ሃመር አማካይነት በሜልቦርን ለጋዜጠኞች ታየ። ኋላም በላስ ቬጋስ የሚገኘው «ጎልደን ነጌት» የተባለው የቁማር ቤት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው።

በቅርብ ዓመታትም ተመሳሳይ ዜና ተሰምቷል። በጥር 2013 ዓ.ም. በባላራት ከተማ አካባቢ አንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከምድር በታች 5 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ወርቅ አገኘ። በመጋቢት 2023 ዓ.ም. ደግሞ በጂሎንግ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የወርቅ ሱቅ 4 ኪሎ ከ600 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰው፣ በድንጋዩ ውስጥ 83 አውንስ፣ ማለት 2 ኪሎ ከ600 ግራም ያህል ወርቅ እንዳለ ተነገረው። ዋጋውም 240,000 የአውስትራሊያ ዶላር ተገመተ። (የወርቅ አውንስ 31 ግራም ከ1 ዴሲ ግራም ስለ ሆነ፣ ከተራው የክብደት አውንስ ይበልጣል።)

በእነዚህ በሁለቱ የቅርብ ጊዜ ዜናዎች ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ወርቁን ያገኙት ሰዎች ስማቸው እንዲነገር አልፈቀዱም። ነገሩን ለጋዜጠኞች የተረኩት፣ ወርቁንም በእጃቸው ይዘው ፎቶግራፍ የተነሡት ወርቁ የቀረበላቸው ባለሱቆች ናቸው። ስም መደበቁ የሚያስደንቅ አይደለም። ወርቅ አግኝቷል የተባለ ሰው ሌባ ይፈራል፤ ያገኘበት ስፍራ ከታወቀም በማግስቱ በሰው ይወረራል። ስለዚህ ፈላጊው ዝም ይላል፤ ስለ እርሱም ባለሱቁ ይናገራል። እንዲህም ሆኖ ባለሱቁ ሳያስበው የመላው ፈላጊ ሁሉ አፍ ይሆናል ማለት ነው።

ጋዜጣው የሚጽፈው ደግሞ አንባቢ የሚወደውን ነው። በ2023ቱ ዜና፣ ሰውየው የተጠቀመበት መሣሪያ 1,200 የአውስትራሊያ ዶላር የሚያወጣ ርካሽ ዓይነት መሆኑ አብሮ ተነገረ። አንባቢ 1,200 አውጥቶ 240,000 ማግኘትን በልቡ ያሰላል። ያ ሰው ከዚያ በፊት ስንት ቀን ባዶ እጁን እንደ ተመለሰ፣ ስንቶቹስ ጓደኞቹ አሥር ዓመት ፈልገው የመሣሪያቸውን ዋጋ እንዳልመለሱ በጋዜጣ አይጻፍም። ባዶ ቀን ዜና አይደለምና።

ይህ ዓይነቱ ዜና ለአንድ ወር ሱቅ ይሞላል። ጉዳቱ የሚታየው በሁለተኛው ወር ነው። ዜናውን ሰምተው መሣሪያ የገዙት አዲስ ሰዎች ሕጉን ሳይማሩ ወደ ደኑ ይገባሉ፤ ሳያስፈቅዱ የገበሬ አጥር ይሻገራሉ፤ የቆፈሩትን ሳይደፍኑ ይሄዳሉ። በጉድጓዱ የእግር አጥንቱ የተሰበረ በሬ ባለቤት፣ ጉድጓዱን የቆፈረው ጀማሪ ይሁን የቆየ ፈላጊ ለይቶ አያውቅም። ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታየው «ጎልድ ረሽ» የተባለው ፕሮግራም ደግሞ፣ በታላላቅ የመሬት መቆፈሪያ መኪናዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችን ኑሮ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ፕሮግራሙን ያየ ሰው በሳሕን የሚያጥበውን ጡረተኛ ከእነርሱ ጋር ቀላቅሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የማዕድን ፈቃድና የተደፈነ ጉድጓድ

የቪክቶሪያ ፈላጊዎች ከዚህ አደጋ የሚጠበቁበት አንድ የቆየ መሠረት አላቸው። በ1851 ዓ.ም. ወርቅ ሲገኝ መንግሥት በየወሩ 30 ሽልንግ የሚከፈልበት ፈቃድ በቆፋሪዎች ላይ ጣለ። ክፍያው ወርቅ ባገኘውም ባላገኘውም ላይ እኩል ስለ ሆነ ምሬቱ በዛ፤ በታኅሣሥ 1854 ዓ.ም. በባላራት፣ ዩሪካ በተባለው ስፍራ ቆፋሪዎች ምሽግ ሠርተው ከወታደሮች ጋር ተዋጉ፤ ሰዎችም ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት ወርሐዊው ፈቃድ ተሽሮ፣ በዓመት 1 ፓውንድ የሚከፈልበት «የማዕድን አውጪ መብት» የተባለ ወረቀት ተተካ። ይህ ወረቀት የመምረጥ መብት ጭምር ያስገኝ ነበር።

ይህ ስም ዛሬም አልጠፋም። በቪክቶሪያ ለመዝናኛ ወርቅ የሚፈልግ ሰው የዚያኑ ስም የያዘ፣ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ይገዛል። ፈቃዱ ያገኘውን ወርቅ የራሱ ያደርግለታል። በምትኩ ግን ግዴታ ይጥልበታል። በእጅ መሣሪያ ብቻ መሥራት አለበት፤ ፈንጂ አይጠቀምም፤ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ቅርስ ያለበትን ስፍራ አይነካም፤ በግል መሬት ላይ ባለ መሬቱን ያስፈቅዳል፤ በምድሩ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ራሱ ይጠግናል። በአጭር ቃል፣ የቆፈረውን ይደፍናል።

በ1980 ዓ.ም. የተቋቋመው የቪክቶሪያ ወርቅ ፈላጊዎችና ማዕድን አውጪዎች ማኅበር በሕዝብ ፊት የሚቆመው በዚህ ፈቃድ ላይ ተደግፎ ነው። በአዲስ የደን ጥበቃ ሕግ ላይ ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ማኅበርተኞች ራሳቸውን ዕድል አሳዳጅ አድርገው ሳይሆን፣ ከ1855 ዓ.ም. የወረሱትን መብት በሥርዓት የሚሠሩበት ሰዎች አድርገው ያቀርባሉ። በተጨማሪም እንደ ደኖሊ፣ ዌደርበርንና ሜሪቦሮ ባሉት ትንንሽ ከተማዎች የሚያድሩ፣ ቤንዚን፣ ዳቦና ሥጋ የሚገዙ እንግዶች መሆናቸውን ያስታውሳሉ። ይህ ለከተማው ባለሱቅና ለከተማው ሹም ቶሎ የሚገባ ቋንቋ ነው። 27 ኪሎ ወርቅ በሕይወቱ የሚያይ ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ቅዳሜ ማታ መኝታና እራት የሚገዛ እንግዳ ግን በየሳምንቱ ይታያል።

በካሊፎርኒያ ወንዝ ላይ የደረሰው

ወደ ካሊፎርኒያ ሲመለሱ ታሪኩ ሌላ ነው። በዚያ የሚገኙ ብዙ ፈላጊዎች የሚጠቀሙት በሞተር የሚሠራ የወንዝ ወለል መምጠጫ ነበር። መሣሪያው በወፍራም ቱቦ ጠጠሩንና አሸዋውን ከውሃው በታች ስቦ በአሸንዳ ላይ ያሳልፋል፤ ከባዱ ወርቅ በአሸንዳው ሲቀር፣ የቀረው ወደ ወንዙ ይመለሳል። በየዓመቱ ከ3,000 በላይ ሰዎች ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያወጡ ነበር።

በክላማት ወንዝ ዳር ከጥንት የሚኖረው የካሩክ ሕዝብ ኑሮው በሳልሞን ዓሣ ላይ የተመሠረተ ነው። ዓሣው እየቀነሰ ስለ ሄደ፣ የወንዙ ወለል በሞተር መታመሱ የዕንቁላሉንና የጫጩቱን ማደሪያ ያበላሻል በማለት በ2005 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጪውን የዓሣና የአራዊት መሥሪያ ቤት ከሰሰ። ወርቅ ፈላጊዎቹም ለጋዜጣና ለሕዝብ መልስ መስጠት ግድ ሆነባቸው። በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተት ሠሩ።

የመጀመሪያው ስሕተት ስለ ባዜቃ የተናገሩት ነው። ፈላጊዎቹ፣ እኛ ወንዙን እናጸዳለን እንጂ አናቆሽሽም፤ የጥንት ማዕድን አውጪዎች የጣሉትን ባዜቃና የዓሣ አጥማጆችን እርሳስ እየለቀምን እናወጣለን አሉ። ንግግራቸው ማስረጃ ነበረው። የግዛቱ የውሃ መሥሪያ ቤት በአሜሪካን ወንዝ ደቡባዊ ገባር ላይ ያደረገውና በ2005 ዓ.ም. የገለጸው ሙከራ፣ መሣሪያው ከመጠጠው ባዜቃ 98 ከመቶውን እንደ ያዘ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ያው ሙከራ የቀረው 2 ከመቶ እጅግ ደቃቅ ሆኖ ከጭቃው ጋር ወደ ወንዙ እንደ ተመለሰ፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ የነበረውም የባዜቃ መጠን መርዛማ ቆሻሻ ከሚባልበት ልክ በላይ እንደ ነበር አብሮ ገልጿል። ፈላጊው 98ቱን ይዞ ወጣ፤ ተቃዋሚው ሁለቱን ይዞ ወጣ። ሕዝብ ሁለቱን ሲያነጻጽር፣ ስለ ሁለቱ ከመቶ ዝም ያለውን ሰው በደበቀው ነገር ጠረጠረው። ነጋዴ ይህን በቀላሉ ያውቀዋል። ጉድለቱን ራሱ የነገረ ሻጭ ይታመናል፤ ገዢው ደርሶበት ያወቀው ጉድለት ግን የቀረውን መልካም ነገር ሁሉ ያጠፋል።

ሁለተኛው ስሕተት በሁለት ስም መጠራታቸው ነው። በአደባባይ ሲጠየቁ፣ ነገሩ ትንሽ የቤተሰብ መዝናኛ ነው፤ ማንንም አይጎዳም ይሉ ነበር። በሕግ ክርክር ላይ ግን፣ በ1872 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ የማዕድን ሕግ መብት የተሰጣቸው ማዕድን አውጪዎች መሆናቸውን፣ የግዛቱም መንግሥት ሊከለክላቸው እንደማይችል ይከራከሩ ነበር። ከመካከላቸው ለመዝናኛ የሚሠሩም ለእንጀራ የሚሠሩም ስለ ነበሩ፣ ሁለቱም ቃል በየራሱ ሐሰት አልነበረም። በአንድ አፍ ሲነገሩ ግን አንዱ ሌላውን አፈረሰው። መዝናኛ ነው ሲሏቸው የሰሙት፣ ለመዝናኛ ሲባል የአንድ ሕዝብ ምግብ የሆነ ዓሣ አይጠፋም አሉ። ማዕድን ሥራ ነው ሲሏቸው የሰሙት ደግሞ፣ ማዕድን ሥራ ከሆነ እንደ ማዕድን ሥራ ሙሉ ቁጥጥር ይደረግበት አሉ።

በነሐሴ 2009 ዓ.ም. የግዛቱ ገዢ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር በፈረሙት ሕግ፣ በመምጠጫ መሣሪያ ወርቅ መፈለግ በመላ ካሊፎርኒያ ወዲያውኑ እንዲቆም ተደረገ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የ1872ቱ ሕግ ግዛቱ እንዲህ ያለ ክልከላ እንዳያወጣ አያግደውም ሲል ወሰነ። በክላማት ወንዝ ዳር እንደምትገኘው እንደ ሃፒ ካምፕ ያሉት መንደሮች ከበጋ እንግዶቻቸው የሚያገኙት ገቢ ጎደለባቸው፤ መሣሪያውን የሚሸጡት ሱቆችም ገበያቸውን አጡ። በሳሕን በእጅ ማጠብ ግን አልተከለከለም።

እርግጥ ነው፤ ነገሩን ሁሉ በንግግር ስሕተት ብቻ ማሳበብ አይገባም። ዓሣው በእውነት ቀንሶ ነበር፤ ባዜቃውም በእውነት በወንዙ ነበር። መልካም ንግግር ጎጂ ሥራን ሊሸፍን አይችልም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ጉዳቱን ራሳቸው ተናግረው፣ ጉዳት በማያደርሱባቸው ወንዞችና ወራት ብቻ እንዲሠሩ ራሳቸው ሐሳብ ይዘው ቢቀርቡ ኖሮ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡበት ወንበር በተሻለ ነበር።

በፊንላንድ ጨዋታ የሆነው ወርቅ

በፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ ላፕላንድ በሚባለው አገር፣ በ1870 ዓ.ም. በኢቫሎ ወንዝ ላይ ብዙ መቶ ሰዎች ወርቅ ፍለጋ ተሰብስበው ነበር። ወርቁ ብዙ አልነበረምና ጊዜው በቶሎ አለፈ። የአገሩ ፈላጊዎች ግን ታሪካቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት ሌላ መንገድ አገኙ። በታንካቫራ መንደር የወርቅ ቤተ መዘክር ተሠራ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው መንደር የዓለም የወርቅ ማጠብ ውድድር ተጀመረ።

የውድድሩ ሥርዓት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ እኩል የተመዘነ አሸዋና ጠጠር የያዘ ባልዲ ይሰጠዋል፤ በውስጡ ቁጥራቸውን ዳኞቹ ብቻ የሚያውቋቸው ጥቂት የወርቅ ፍንጣሪዎች ተደባልቀዋል። ቶሎ አጥቦ ያወጣ ያሸንፋል፤ አንድ ፍንጣሪ የጠፋበት ግን በሰዓቱ ላይ 3 ደቂቃ ይጨመርበታል። ሕፃናትም ሽማግሌዎችም ይወዳደራሉ። ወደዚህ የሚመጣ ጋዜጠኛ የሚጽፈው ስለ ዕድልና ስለ ሀብት ሳይሆን፣ ስለ እጅ ጥበብና ስለ ትዕግሥት ነው። ማንም ወንዝ አይታመስም፤ ማንም የወርቁን ስፍራ ለማወቅ አይጓጓም።

ይህ መልካም ስም እንኳ ሁሉን ነገር እንዳላዳነ መታወቅ አለበት። በሌመንዮኪ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በመኪና ወርቅ መቆፈር፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የማዕድን ሕግ መሠረት በሰኔ 2020 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ቆሟል። አካፋውና ሳሕኑ ግን ቀርተዋል። በካሊፎርኒያም በላፕላንድም የተዘጋው ሞተሩ ሲሆን፣ የተረፈው እጅ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ሕዝብ የፈራው ወርቁን ወይም ፈላጊውን ሳይሆን፣ ተመልሶ የማይደፈነውን ጉድጓድ ነውና።

ጋዜጠኛ በመጣ ጊዜ

ከነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ምክር በሚከተሉት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

1ኛ/ ማኅበሩ ማን መሆኑን አስቀድሞ ይወስን። መዝናኛ ከሆነ መዝናኛ፣ መተዳደሪያ ከሆነ መተዳደሪያ ብሎ በጋዜጣም በፍርድ ቤትም አንድ ቃል ይናገር። ሁለቱም ዓይነት አባሎች ካሉት፣ ሁለት መሆናቸውን ሳይሸሽግ ይግለጽ።

2ኛ/ ትልቁ ጓል በሚነገርበት ቦታ ባዶው ቀን አብሮ ይነገር። ሰው ሁሉ ወርቅ እንደማያገኝ ከፈላጊው አፍ የሰማ አንባቢ፣ ፈላጊውን ስስታም ነው አይለውም።

3ኛ/ ጉዳት ካለ ከተቃዋሚው በፊት ራሱ ማኅበሩ ይናገረው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚወስደውን ጥንቃቄ ያስረዳ።

4ኛ/ ጋዜጠኛው ወደ ስፍራው ይወሰድ፤ ጉድጓዱ ሲቆፈርም ሲደፈንም ይይ። በጢም የተሸፈነ ፊት፣ አሮጌ ባርኔጣና የሚያብረቀርቅ ወርቅ ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ የ1849ን ዘመን ያስታውሳል፤ ያን ዘመን ማስታወስ ደግሞ የተናዱትን ተራራዎች ማስታወስ ነው። አካፋውን ይዞ አፈር የሚመልስ ሰው ፎቶግራፍ የበለጠ ይናገራል።

5ኛ/ የተገኘበት ስፍራ በፎቶግራፉ ላይ እንዳይታወቅ ጥንቃቄ ይደረግ። ይህ የባለ መሬቱን ሰላም ይጠብቃል፤ የፈላጊውንም ወዳጅነት ያጸናል።

የባለሱቅ ድርሻ

በኢትዮጵያ ወርቅ ማጠብ መዝናኛ አይደለም። በጉጂ በሻኪሶና በአዶላ፣ በቤኒሻንጉልና በጋምቤላ በገበቴ የሚያጥበው ሰው የሚያጥበው ለዕለት እንጀራው ነው፤ ወርቁም ወደ ብሔራዊ ባንክ ገብቶ አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ሀብቶች አንዱ ይሆናል። ስለዚህ የሌላው አገር መዝናኛ ታሪክ እንዳለ ተወስዶ ለእርሱ ሊነገር አይገባም። ይሁንና አንድ ነገር ይመሳሰላል። የባህላዊ ወርቅ አምራችም ስም የሚሠራውና የሚፈርሰው በሩቅ ሆኖ በሚሰማው ሰው ጆሮ ነው። በሕግ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራው ከማይሠራው ጋር በአንድ ስም ሲጠራ፣ የሚጎዳው መዝናኛው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው።

በየትኛውም አገር ግን ፈላጊው ወደ ሱቅ መግባቱ አይቀርም። የጂሎንጉና የባላራቱ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ጋዜጠኛም ወሬውን ፍለጋ የሚመጣው ወደ ሱቁ ነው። ባለሱቁ እንግዲህ ሁለት መንገድ አለው። በመስኮቱ ላይ የትልቁን ጓል ፎቶግራፍ ብቻ ሰቅሎ፣ በዚህ ወር ብዙ መሣሪያ መሸጥ ይችላል፤ ይህ የብራናን መንገድ ነው። ወይም ከመሣሪያው ጋር የሕጉን ወረቀት፣ የተፈቀዱትን ስፍራዎች ዝርዝርና ጉድጓድ መድፈኛ ትንሽ አካፋ አብሮ ሰጥቶ፣ ወርቅ ብዙ ጊዜ እንደማይገኝም ለገዢው በግልጽ ነግሮ፣ ጥቂት መሸጥ ይችላል። ወርቅ አለበት ተብሎ በከረጢት የሚሸጠውን አሸዋም የወርቁን ሚዛን ጽፎ ቢሸጠው እንጂ በተስፋ ብቻ ባይሸጠው ይሻለዋል። በሁለተኛው መንገድ የሄደ ባለሱቅ ደንበኛው ከዓመት በኋላም ይመለሳል፤ ወንዙ አልተዘጋበትምና።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጋዜጣ የሚያነሣው ትልቁ ጓል በአንድ ሳምንት ይረሳል። የተደፈነ ጉድጓድ በዜና አይወጣም፤ ባለ መሬቱ ግን ያየዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ፈላጊው በሩን ባንኳኳ ጊዜ ግባ የሚለው ያንን አስታውሶ ነው።